ውሃ ልክ ያላቃናው ድንጋይ

ሰውየው ሴራሚክ አንጣፊ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም የሚገኘው መታወቂያው ላይ ብቻ ነው፤ የሚያውቀው ሁሉ የሚጠራው «ውሃ ልክ» እያለ ነው። ከኋላ ኪሱ መዳፍ የምታህል፣ የነገር መቃናት የሚያይባት የፕላስቲክ ውሃ ልክ አትጠፋም። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ፎቶ ካየ የቀረበለት አይዋጥለትም፤ ማንንም ሳያስፈቅድ ብድግ ብሎ ያቃናዋል። ታሞ ሐኪም ቤት ተኝቶ እንኳ «እህቴ፣ ይሄ አልጋ በግራ በኩል ወርዷል» እያለ ነርሷን አስቸግሯል። ለጋብቻ ሊጠይቅ አማቾቹ ቤት የሄደ ዕለትማ ጠረጴዛው ሲነቃነቅበት ጊዜ ጎንበስ ብሎ እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ወሸቀ። የልጅቷ አባት ሚስታቸውን ዞር ብለው አይተው፣ «ይሄ ሰው የመጣው ልጄን ሊያገባ ነው ወይስ ዕቃ ሊጠግን?» አሉ። ሚስቱ እስከ ዛሬ «አባቴ እኔን የዳረኝ ለጠረጴዛው ብሎ ነው» ትላለች።

እንግዲህ በዚህ ሰው ቤት ውስጥ ጠማማ ነገር ነበረ ቢባል ማን ያምናል? ነበረ። ሳሎኑ ውስጥ፣ ሰው በበሩ እንደገባ ፊት ለፊት በሚያየው ቦታ፣ የጨው ውሃ አኳሪየም፣ ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ፣ አለ። በቀኝ ማዕዘኑ፣ መስታወቱን ተጠግቶ፣ ትልቅ ዳቦ የሚያህል ድንጋይ አሸዋው ላይ ወደ ግራ ተንጋዶ ተቀምጧል። ጀርባው ላይ ኮራል የሚባል አረንጓዴ የባሕር ፍጥረት በቅሎበታል፤ መብራት ሲበራ ጣቶቹን ይዘረጋል፣ ሲጠፋ ይሰበስባል። ውሃ ልክ ድንጋዩን በየቀኑ ያያል፤ እጁን ይበላዋል፤ ግን አይነካውም። ሚስቱ መጀመሪያ ሰሞን «ይሄን ሳታቃና እንዴት እንቅልፍ ወሰደህ?» ብላ አሹፋበት ነበር።

«ጋሼ ያስቀመጠው ነው» አላት። ወሬው በዚያው ተዘጋ።

ጋሼ ታላቅ ወንድሙ ነው። ሙያውን ያስተማረው፣ ሴራሚኩን በጎማ መዶሻ ቆርቆር አድርጎ ሥሩ ባዶ ሆኖ የሚጮኸውን ከሞላው የሚለይበትን ጆሮ የሰጠው እሱ ነው። «ውሃ ልክ» የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው። አኳሪየሙም የሱ ነበር። ጋሼ ሞቶ ባለቤቱ ልጃቸው ቤት ሲገቡ፣ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ «ይሄን አንተ ውሰድልኝ፣ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ማየት አልችልም» አሉት። ውሃ ልክ ያን ዕለት ድንጋዮቹ ከመነሳታቸው በፊት እያንዳንዱን ድንጋይ ከፊትም ከጎንም ፎቶ አነሳ። ዓሣዎቹን በባልዲ፣ ድንጋዮቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። ሳሎኑ ውስጥ ፎቶውን እያየ ሁሉንም እንደነበረ መለሰ፤ የተንጋደደውንም በዚያው አንጋደደው።

ከዚያ ወዲህ የጋሼ ዓሣዎች እያረጁ አለቁ። ገንዳው ጭር ሲልበት ዓሣ መሸጫ ሄደና አንዱ ላይ ዓይኑ አረፈ፦ ጣት የሚያህል፣ ራሱ ትልቅ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ አፉ እስከ ጉንጩ የተሰነጠቀ ዓሣ፤ ከአሸዋ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ እንደ ጎረቤት ያየዋል። ሻጩ አስጠነቀቀው፦ «ቆፋሪ ነው። ጉድጓዱን የሚመርጠው ራሱ ነው፤ የመረጠውን አትንካበት። ከደነገጠ ይዘላል፣ ክዳንህን አጥብቅ።» ውሃ ልክ እሺ፣ እሺ አለ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ዓሣው ገንዳው ውስጥ እንደገባ ጥጋጥጉን ዞረው። ከኋላ ሰፊ ሜዳ አለ፤ አልወደደውም። በግራ በኩል ውሃ ልክ ሆን ብሎ ያዘጋጀለት ዋሻ አለ፤ ገብቶ ወጣ። በመጨረሻ በቀኝ ማዕዘን፣ የጋሼ ድንጋይ ከተንጋደደበት ሥር፣ በአፉ አንድ ጉርሻ አሸዋ አንስቶ ወጣና ወዲያ ተፋው። ተመልሶ ሌላ ጉርሻ አነሳ። ሲመሽ ራሱን የሚያህል ጉድጓድ ነበረው።

ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ዚፕና ኮሌታ ስታይ ውላ ስትመጣ ወንበሯን ገንዳው ፊት ትጎትትና ዓሣውን ታያለች። ሲቆፍር፣ የቆፈረውን ሲተው፣ የተወውን እንደገና ሲቆፍር አይታ «ማዘጋጃ ቤት» አለችው። ስሙ ጸና። ማዘጋጃው የጉድጓዱን አፍ በዛጎል ስብርባሪ ይደረድራል፤ ማታ ማታ አንዷን ዛጎል ከውስጥ ሆኖ ይስብና እንደ በር ይዘጋባታል። ይሄን ያየች ቀን ሚስቱ ሳቋ አላቆም አላት።

ውሃ ልክ ግን አልሳቀም። ከድንጋዩ ሥር አሸዋ በወጣ ቁጥር ድንጋዩ ይሰምጣል፤ ወደ ግራ የተንጋደደው አሁን ወደ ፊትም መደፋት ጀመረ። ጋሼ ካስቀመጠው ቦታ ጣት ያህል ሸሽቷል። ፎቶውን አውጥቶ አስተያየ፣ እርግጥ ነው ሸሽቷል። የተተፋው አሸዋ ደግሞ የሚያርፈው ኮራሉ ላይ ነው፤ ኮራሉ ጣቶቹን ሰብስቦ ይኮማተራል። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ አሸዋውን ከኮራሉ ላይ ያራግፋል። እሱ እየነፋ ዓሣው አጠገቡ ይተፋል። ሰው ለዚህ ብሎ ያብዳል እንዴ? ያብዳል።

መጀመሪያ ጉድጓዱን በአሸዋ ደፈነው። ከሥራ ሲመለስ ተከፍቶ ጠበቀው። እንደገና ደፈነ፤ እንደገና ተከፈተ። ቀጥሎ ዓሣውን በኩባያ አግባብቶ ያዘና ወደ ግራው ዳር ወሰደው። ማዘጋጃው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው መስታወቱን ይዞ ወደ ቀኝ ተመለሰ። በመጨረሻ ውሃ ልክ በሙያው መጣበት። ከተረፈ ነጭ ሴራሚክ አራት ማዕዘን ቤት ሠራለት፤ ጠርዙን አለሰለሰ፣ ለጤና በማይጎዳ ማጣበቂያ አጣበቀ፣ ከታች ልኩን አየ። በግራ በኩል አስቀመጠውና ክንዱን አጣምሮ ቆመ።

ማዘጋጃው መጣ። ቤቱን በበሩ አየ። ሄደና ከጋሼ ድንጋይ ሥር አንድ ጉርሻ አሸዋ አመጣ፤ ቤቱ ውስጥ ተፋው።

«ቆሻሻ መጣያ አደረገው!» አለ ውሃ ልክ።

«ቤቱማ ቆንጆ ነው፤ ማን ጠየቀህ እንጂ» አለች ሚስቱ።

«አንቺ ደግሞ የሱ ጠበቃ ነሽ?»

«ጠበቃ ሳይሆን ጎረቤት ነኝ። ቦታውን ወደደው፤ ምን ታደርገዋለህ? ከዚያ ሆኖ በሩንም እኛንም ያያል። ድንጋይህን ወደዚያ ፈቀቅ አድርግና ሁላችንም እንረፍ።»

«ድንጋዩ አይነሳም።»

«እሺ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ ወንበሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። ውሃ ልክ አንድ ቅዳሜ ምላጩን ዋጠ። ዓሣው ለመብል ብቅ ሲል ጠብቆ ጉድጓዱን በኮራል ስብርባሪ ሞላው፤ በጣቱ ጠቀጠቀ፤ ከላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፈበት። ሥሩ ባዶ የሆነ ሴራሚክ እንደሚሞላው አድርጎ ነው የሞላው። በጥፍሩ ቆርቆር አደረገ፤ ሞልቷል። ደስ አለው።

ማዘጋጃው ቤቱን አጣ። ጠፍጣፋውን ድንጋይ በአፉ ሊያነሳ ሞከረ፤ አልቻለም። ቀኑን ሙሉ መስታወቱን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ዋለ። ቀለሙ ጠፍቶ አመድ መሰለ። ውሃ ልክ «ይለምደዋል» አለ። እሁድ ጠዋት ሚስቱ በባዶ እግሯ ወደ ሳሎን ስትገባ ውስጥ እግሯን እርጥብ ነገር ነካት። ክዳኑ ላይ ባለው መረብ፣ ቱቦ በሚገባባት ክፍተት ዘሎ፣ ባሏ በገዛ እጁ ያነጠፈው፣ አንዲት ጠጠር እንኳ የማያስቆመው ለስላሳ ወለል ላይ ማዘጋጃው ተጋድሟል። አፉን ከፈተ፤ ዘጋ።

በሁለት እጇ አፍሳ ገንዳው ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ ብርድ ልብሱን ከባሏ ላይ ገፈፈችው።

«ተነስ! ገድለኸዋል!»

ውሃ ልክ ሮጦ ወጣ። ዓሣው ከታች፣ ባዶው አሸዋ ላይ፣ በጎኑ ተኝቶ ይተነፍሳል።

«እኔ እንዲዘል አላልኩትም» አለ።

«ቤቱን ደፍነህበት የት ይሂድ? ሻጩ ነግሮህ የለም እንዴ?»

«የጋሼን ድንጋይ ሊጥለው ነው! አይታይሽም?»

«ጋሼ ሞቷል!» አለች። ይሄን ቃል ጮኻ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው፤ ራሷም ደነገጠች። «ሞቷል እኮ፤ ይሄኛው ግን ገና አልሞተም።»

ውሃ ልክ እጁን ውሃ ውስጥ ከተተና ጠፍጣፋውን ድንጋይ አነሳ፣ የጠቀጠቀውን ስብርባሪ አንድ በአንድ ለቀመ። ወደ ማታ ማዘጋጃው ተነስቶ፣ እየተንገዳገደ፣ ወደ ቀኝ ማዕዘን ሄደና አንድ ጉርሻ አሸዋ አነሳ። ሚስቱ ከወንበሯ ሆና አየችው፤ ባሏም ከበሩ ሥር ቆሞ አየው።

ዓሣው ዳነ፤ ነገሩ ግን ባሰ። ማዘጋጃው ዳግመኛ እንዳይደፈንበት ፈርቶ ይሁን እንጃ፣ አሁን ጠልቆ ነው የቆፈረው። ድንጋዩ በፊት በኩል ወደ መስታወቱ ተደፋ፤ በድንጋዩና በመስታወቱ መካከል የቀረው ክፍተት ጣት አያስገባም። ከወደቀ ወይ ዓሣውን ይጨፈልቃል፣ ወይ መስታወቱን ይሰነጥቃል፣ ወይም ሁለቱንም። ውሃ ልክ ሥራ ቦታ ሆኖ ስለዚሁ ሲያስብ፣ ከአንድ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ መስመር አስቶ ያነጠፈውን መልሶ ነቀለ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም። አብረውት የሚሠሩት «ውሃ ልክም ይሳሳታል?» ብለው ሲስቁ መዶሻውን ወርውሮ ወጣ። ማታ ለሚስቱ «ዓሣውን ለሻጩ እመልሰዋለሁ፤ አለቀ» አላት።

እሷም አልተከራከረችም። ስልኳን ይዛ ወደ ጓዳ ገባችና ለጋሼ ባለቤት ደወለችላቸው። «እትዬ፣ ይምጡና ያናግሩት። እኔ አቅቶኛል» አለች።

እትዬ በማግስቱ ከሰዓት መጡ። ውሃ ልክ በሩን ከፍቶ ሲያያቸው ሚስቱን በዓይኑ ገረፋት። እትዬ የቀረበላቸውን ሻይ ይዘው ገንዳው ፊት ተቀመጡ። ኮራሉን አዩ፤ «አድጓል» አሉ። ዓሣውን አዩ፤ ፈገግ አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ድንጋዩ ላይ አረፈና ሻዩን አስቀመጡ።

«ይሄ ድንጋይ እንዲሁ ነው እስካሁን?»

«እንደነበረ ነው ያስቀመጥኩት እትዬ። ይሄ ዓሣ ነው ትንሽ ያበላሸው እንጂ፣ ጋሼ እንዳደረገው ነበር» አለ ውሃ ልክ። ሊከስ እንደመጣ ሰው ወደ ዓሣው እየጠቆመ ነው የሚናገረው።

«ጋሼህ መች አደረገው?» አሉ እትዬ። «ወደቀበት እንጂ! ያኔ እኮ ትከሻውን ያመው ነበር። ድንጋዩን ይዞ ክንዱ እዚያ ማዕዘን ጋ ሲደርስ አልሄድ አለው፤ ለቀቀው። እንደወደቀ ቀረ። ደግሞ ሲጠላው! ፊት ለፊቱ ቁጭ ይልና ‹ይሄ ነገር ዓይኔን ወጋኝ› ይላል። እኔ ላቃናልህ ስለው ‹ተዪው፣ ውሃ ልኬ ይመጣል፣ እሱ ያቃናዋል› ይለኛል። አልነገረህም እንዴ?»

ነግሮታል። በደወለ ቁጥር ነግሮታል። «ስትመጣ ውሃ ልክህን እንዳትረሳ» ይል ነበር ጋሼ፣ ስልኩን ሊዘጋ ሲል። ውሃ ልክ ይስቃል፤ ከኪሱ የማትጠፋውን ዕቃ አትርሳ መባሉ የወንድም ቀልድ መስሎት ነው። «እሺ ጋሼ፣ ይሄን ፎቅ ልጨርስና እመጣለሁ» ይላል። ፎቁ ሲያልቅ ሌላ ፎቅ ይጀመራል። የመጣው ለቀብር ነው።

«ነግሮኛል» አለ። «እንደ ቀልድ ነው የሰማሁት።»

እትዬ ቀና ብለው አዩትና ያሉት ነገር የት እንዳረፈ ገባቸው። ሊያጽናኑት አፋቸውን ከፈቱ፤ እሱ ግን ተነስቷል። እጅጌውን እስከ ትከሻው ጠቀለለ፣ መረቡን አነሳ፣ ውሃ ልኩን ከኋላ ኪሱ አወጣና ክንዱን ማዕዘኑ ውስጥ ከተተ። ውሃ ልኩን ድንጋዩ ላይ ሲያስቀምጠው ውስጧ ያለችው የአየር አረፋ ሮጣ ወደ ዳር ተጠግታ ቆመች። ድንጋዩን ጨበጠ። ይህን ያህል ጊዜ እጁን ሲበላው የኖረውን ነገር በአንድ ማዞር ያቃናዋል፤ ወንድሙ ሲጠብቀው የነበረውን ያደርግለታል።

ማዘጋጃው ከሥር ብቅ አለ። አልሸሸም። ዛጎሉን በአፉ ይዞ፣ የውሃ ልክን ጣቶች ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ የሚያውቃቸው ዓሣ፣ ፈጥጦ አየው። ድንጋዩ የጉድጓዱ ጣሪያ ነው። ድንጋዩ ከዞረ ጉድጓዱ ይደረመሳል።

«አይ አንተ!» አለ ውሃ ልክ። «አይ አንተ የተረገምክ! አሁን ነው የምትቆምብኝ? አሁን?» ክንዱ ውሃ ውስጥ እንዳለ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። በዓሣው ተናደደ፤ በድንጋዩ ተናደደ፤ ቀልድ አስመስሎ ሲለምነው በኖረው ወንድሙ ተናደደ፤ ከሁሉ ይልቅ ያንን ሁሉ ፎቅ ባነጠፈው በገዛ እጁ ተናደደ። ሚስቱ መጥታ ጀርባው ላይ እጇን አሳረፈች።

ሲረጋጋ ድንጋዩን ለቀቀና ወጣ። ከመሣሪያ ሣጥኑ የፕላስቲክ ቱቦና መጋዝ አመጣ። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ልክ ወሰደ፣ ቆረጠ፣ ጠርዙን ሞረደ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጠረጴዛ እግር ሲያስተካክል የኖረ ሰው፣ ለድንጋዩ አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ መካከለኛ እግር ሠራ። ከዚያ አረፋዋ የቆመችበትን ቦታ ውሃ ልኩ ላይ በእርሳስ አሰመረ። ሚስቱን «ድንጋዩን ብቻ ያዢልኝ፤ አታንሺው፤ እንዳይወድቅ ብቻ» አላት። እሷ በግራ በኩል ክንዷን ከታ ያዘች። እሱ እግሮቹን አንድ በአንድ፣ ከጉድጓዱ አፍ ርቆ፣ በአሸዋው ውስጥ እያሽከረከረ እስከ ታችኛው መስታወት ድረስ ሰደዳቸው። ማዘጋጃው ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋባቸው።

«ልቀቂ፤ ቀስ ብለሽ» አላት። ለቀቀች። ድንጋዩ እግሮቹ ላይ አረፈ። ውሃ ልኩን አስቀመጠ፤ አረፋዋ የእርሳሱ መስመር ላይ ሄዳ ቆመች። ጠማማ ነገር በጠማማነቱ እንዲጸና በውሃ ልኩ ልክ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። አሁን ከሥሩ ያለው አሸዋ ሁሉ ተቆፍሮ ቢወጣ ድንጋዩ ንቅንቅ አይልም።

እትዬ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው አዩት። «ታዲያ ሳታቃናው ልትተወው ነው?» አሉ።

«ምን ላድርግ እትዬ» አለ ውሃ ልክ፣ ከክንዱ ውሃ እየተንጠባጠበ። «ሰው ገብቶበታል።»

ትንሽ ቆይቶ ዛጎሉ ፈቀቅ አለ። ማዘጋጃው ራሱን አወጣ፣ አዲሱን ምሰሶ አየ፣ ተመልሶ ገባ፤ ከዚያ አፉን ሞልቶ ወጣና አሸዋውን ኮራሉ ላይ ተፋው። ውሃ ልክ ጥርሱን ነክሶ ተሳደበ። ሚስቱ የጎማውን መንፊያ አቀበለችው።